«ንቀልልኝና ልገላገል» ከማለታችሁ በፊት

የዛሬው ጽሑፍ ከወትሮው ረዘም ይላል፤ ቡና እየጠጣችሁ አንብቡት። እንደ ሌላው ጊዜ የምልክቶች ዝርዝር ብቻ አይደለም፤ የግል አስተያየቴም አለበት።

ነገሩን ከአንድ ታካሚ ልጀምር። (ማንነታቸው እንዳይታወቅ አንዳንድ ዝርዝር ቀይሬያለሁ።) ከኮምቦልቻ የመጡ፣ ሃምሳውን የተሻገሩ እናት ናቸው። ከዓመት በፊት ከታች በቀኝ በኩል አንድ መንጋጋ ጥርሳቸው ሲነቃነቅ፣ ድዳቸው ሲደማ፣ አፋቸው ሲሸት ቆየ። እሳቸውም ችለውት ከረሙ። አንድ ቀን ግን አበጠና እንቅልፍ ነሳቸው። ሄደው አስነቀሉት፣ ሕመሙ ለቀቃቸው፣ «አልሐምዱሊላህ» ብለው ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

አሁን ደግሞ ዓረብ አገር ያለችው ልጃቸው «እማ፣ ተነቅሎማ አይቀርም፤ ኢምፕላንት አስተክይ፣ ብሩን እኔ እልካለሁ» ብላቸው ነው የመጡት። ራጁን አየሁት። ጥርሱ የነበረበት አጥንት ወርዷል፣ ቀጥኗልም። የቀሩት ጥርሶች ድድም እንደታመመ ነው።

«እናቴ፣ አሁን ባለው አጥንት ላይ መትከል ይከብዳል። መጀመሪያ ድድዎ መታከም አለበት፤ ከዚያ ምናልባት አጥንት መጨመር ያስፈልጋል» አልኳቸው።

ዝም ብለው ቆዩና «ታዲያ ልጄ፣ ሲነቀል ጊዜ ለምን አልነገሩኝም?» አሉኝ።

ለዚህ ጥያቄ ጥሩ መልስ የለኝም። ቀድሞ ያያቸውን ባለሙያ ለመውቀስም አይደለም፤ የጥርስ ሐኪም የሆንን ሁሉ፣ እኔንም ጨምሮ፣ በሥራ ብዛት ሳንነግር ያሳለፍነው ሰው ይኖራል። ግን ጥያቄው ልክ ነው። ጥርስ ሲነቀል ነገሩ ያለቀ ይመስለናል። ያላለቀ ነገር አለ፤ እሱም ጉድጓዱ ነው።

ጉድጓዱ ውስጥ ምን ይሆናል?

አብዛኛው ሰው የሚያስበው እንዲህ ነው፦ ጥርሱ ይነቀላል፣ ደም ይረጋል፣ ድዱ ይሸፍነዋል፣ በቃ ይድናል። እውነት ነው፣ ይድናል። ግን እንደነበረ ሆኖ አይድንም።

ጥርስን ዙሪያውን ይዞት የቆመው አጥንት የሚኖረው ለጥርሱ ሲል ነው። ጥርሱ ሲሄድ ሥራ የፈታው አጥንት እየሟሸሸ ይሄዳል። በተለይ በከንፈርና በጉንጭ በኩል ያለው ግድግዳ ስስ ነው፤ በላይኛው የፊት ጥርሶች ላይማ ብዙ ጊዜ ውፍረቱ 1 ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። ቶሎ የሚጠፋውም እሱ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ አንድ የዴንማርክ ጥናት 46 ሰዎችን መንጋጋ ጥርሳቸው ከተነቀለ በኋላ ለ12 ወር ተከታትሏል። በዓመቱ መጨረሻ ጥርሱ የነበረበት ቦታ ስፋት በግማሽ ያህል ቀንሶ ተገኘ። ከጠፋው ውስጥ ሁለት ሦስተኛው የጠፋው ደግሞ በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ነው። «እስቲ ቁስሉ ይዳን፣ ከዓመት በኋላ አስባለሁ» ስንል አጥንቱ እኛን አይጠብቅም ማለት ነው።

ይህ እንግዲህ በማንኛውም ሰው ላይ የሚሆን ነው። የድድ በሽታ ያለበት ሰው ደግሞ ሁለት ጊዜ ይከስራል። የድድ በሽታ ስንል ድድ መቅላትና መድማት ብቻ አይደለም፤ ሲቆይ ወደ ውስጥ ገብቶ ጥርሱን የያዘውን አጥንት ይበላል። በሕክምናው ስም ፔሪዮዶንታይቲስ ይባላል። ጥርሱ የሚነቃነቀው ራሱ ስለታመመ አይደለም፤ የቆመበት መሬት ስለተሸረሸረ ነው። እና ጥርሱ ሊነቀል ወንበር ላይ ስትቀመጡ አጥንቱ ቀድሞ ጎድሏል። ከተነቀለ በኋላ ከተረፈው ላይ ደግሞ ሌላ ይቀነሳል።

ችግሩ የጥቂት ሰው እንዳይመስላችሁ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ሪፖርት በዓለም ላይ ወደ 1 ቢሊዮን የሚጠጋ ሰው ከባድ የድድ በሽታ እንዳለበት ገምቷል።

«ጉድጓዱን ማትረፍ» ምን ማለት ነው?

ነገሩ ቀላል ነው። ሐኪሙ ጥርሱን የጉድጓዱን ግድግዳ ሳይሰብር ቀስ ብሎ ያወጣል። ውስጡ ያለውን የታመመ ሥጋ በደንብ ጠርጎ ያጸዳል። ከዚያ ጉድጓዱን አጥንትን በሚተካ ፍርፋሪ ይሞላዋል፣ ላዩን በስስ ሽፋን ይከድነዋል፣ ይሰፋዋል። ብዙ ጊዜ ከ4 እስከ 6 ወር ተጠብቆ ኢምፕላንቱ ይተከላል።

ፍርፋሪው ምንድን ነው ለሚል፣ የጭቃ ቤት ማገር አስቡ። ማገሩ ጭቃ አይደለም፤ ጭቃው ሳይወርድ እንዲቆም የሚይዘው ነው። ፍርፋሪውም ቦታውን ይዞ ይቆያል፣ የራሳችሁ አጥንት ደግሞ እሱን ተደግፎ እየገባ ይሠራል።

ይጠቅማል ወይ? እውነቱን ልንገራችሁ

እዚህ ላይ ማስታወቂያ የሚሠሩ ሰዎች የማይነግሯችሁን ልናገር። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣ የኮክሬን ግምገማ 16 ጥናቶችን፣ 426 ሰዎችን አንድ ላይ አድርጎ አይቷል። ጉድጓዱ የተሞላላቸው ሰዎች ካልተሞላላቸው ጋር ሲነጻጸሩ የተረፈላቸው አጥንት በአማካይ በስፋትም በቁመትም ከ1 እስከ 1 ተኩል ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ገምጋሚዎቹ የማስረጃው ጥንካሬ በጣም ዝቅተኛ መሆኑንም ጽፈዋል። በመጨረሻ የተተከለው ኢምፕላንት በዚህ ምክንያት የተሻለ ዕድሜ እንዳለው የሚያሳይ ማስረጃም አላገኙም።

በድድ በሽታ በተበሉ ጉድጓዶች ላይ የተሠራው ጥናት ደግሞ ከዚህም ያንሳል። በኮሪያና በቻይና ያሉ ሐኪሞች በእንዲህ ዓይነት ጉድጓዶች ላይ ሠርተው አጥንቱ የተሻለ መቆየቱን አሳይተዋል፤ ተስፋ ይሰጣል፣ የመጨረሻው ቃል ግን አይደለም።

«ለ1 ሚሊ ሜትር ነው እንዴ ይሄ ሁሉ?» ትሉ ይሆናል። ተራ የሚባል ኢምፕላንት ውፍረቱ 4 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ በዙሪያው ደግሞ በየጎኑ ቢያንስ 1 ሚሊ ሜትር ተኩል ያህል አጥንት ቢኖር እንመርጣለን። ስለዚህ 7 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለውና 5 ሚሊ ሜትር ተኩል ስፋት ያለው ሰው እኩል አይደሉም። አንዱ በቀላሉ ይተከልለታል፤ ሌላው ሌላ ቀዶ ሕክምና፣ ሌላ ወራት፣ ሌላ ወጪ ሊጠብቀው ይችላል።

እንግዲህ ጉድጓድ መሙላት ተአምር አይደለም፤ ከንቱም አይደለም። ለትክክለኛው ሰው፣ በትክክለኛው ጊዜ ሲሠራ ጥሩ ነገር ነው።

ዋናው አስተያየቴ፦ ከጉድጓዱ በፊት ድዱ

አረም በወረረው ማሳ ላይ ምርጥ ዘር የሚዘራ ገበሬ አይታችሁ ታውቃላችሁ? የድድ በሽታው ሳይታከም ጉድጓድ መሙላትና ኢምፕላንት መትከል ለእኔ እንደዚያ ነው።

ብዙ ሰው «ኢምፕላንት ብረት ነው፣ አይታመምም» ይለኛል። ብረቱስ አይታመምም፣ አይቦረቦርም። ዙሪያው ያለው ድድና አጥንት ግን ይታመማል። የተፈጥሮ ጥርስን ያጣው ያው ባክቴሪያ፣ ያው አለመጽዳት፣ ያው ሲጋራ፣ ያው ያልተያዘ ስኳር ኢምፕላንቱንም ያሳጣል። የድድ በሽታ የነበረበት ሰው ኢምፕላንቱ ዙሪያ ኢንፌክሽን የመያዝ ዕድሉ ከሌላው ሰው ከፍ ያለ መሆኑ በደንብ የታወቀ ነው። የአውሮፓ የድድ ሐኪሞች ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ2022 ለከባድ የድድ በሽታ ያወጣው መመሪያም ኢምፕላንት የሚመጣው ድዱ ታክሞ ከተረጋጋ በኋላ መሆኑን ያስቀምጣል።

ኢምፕላንት በደህና መሬት ላይ ከቆመ ዕድሜው ረጅም ነው። ስዊድናዊው ፕሮፌሰር ፐር-ኢንግቫር ብሮኔማርክ እ.ኤ.አ. በ1965 ለመጀመሪያው ታካሚያቸው የተከሉት የቲታኒየም ኢምፕላንት ሰውየው እ.ኤ.አ. በ2006 እስኪሞቱ ድረስ አገልግሏል። ከ40 ዓመት በላይ ማለት ነው።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ እንዲህ ቢሆን እላለሁ፦

1. መጀመሪያ «ጥርሱ ሊተርፍ ይችላል ወይ?» ብሎ መጠየቅ። የሚነቃነቅ ጥርስ ሁሉ የሚነቀል አይደለም። ድዱ ታክሞ እብጠቱ ሲወርድ ጠንከር የሚል ጥርስ አለ። ከሁሉም ኢምፕላንት የሚሻለው እግዜር የሰጠን የራሳችን ጥርስ ነው።

2. ጥርስ መታጠብ። በክሊኒክ የሚደረገውን ማለቴ ነው፤ ከድድ በታች የተጋገረውንም ጭምር። እዚህ ከተማችን ውስጥ «ጥርስ ማሳጠብ ጥርስ ያሳሳል፣ ያነቃንቃል» የሚል ወሬ አለ። አያነቃንቅም። አጥንቱ ቀድሞ ሄዶ የተጋገረው ነገር ደግፎት የነበረ ጥርስ፣ ድጋፉ ሲነሳ መነቃነቁ ይታወቃል እንጂ እጥበቱ አይደለም ያነቃነቀው።

3. ቤት ውስጥ ማጽዳት መማር። በቀን ሁለት ጊዜ ብሩሽ፤ በጥርሶች መሀል ደግሞ በክር ወይም በትንሿ የመሀል ብሩሽ። መፋቂያ የምትጠቀሙም ተጠቀሙ፣ ግን በድዱ ጠርዝ በኩልና በውስጥ በኩልም ይድረስ።

4. ከ3 ወር ገደማ በኋላ ተመልሶ መለካት። መድማቱ ቆሟል? ኪሱ ጠብቧል? ከዚያ በኋላ ነው ስለ ኢምፕላንት የሚወራው።

«ዶክተር፣ አጥንቱ በ3 ወር ይጠፋል ብለህ ድዱ 3 ወር ይታከም ትላለህ፤ አይጋጭም?» የሚል ጎበዝ አንባቢ አይጠፋም። ጥሩ ጥያቄ ነው። መልሱ፦ ጥርሱ አስቸኳይ ካልሆነ አፉ ውስጥ እያለ ድዱን እናክም፤ ከዚያ በተረጋጋ አፍ ውስጥ እንንቀል፣ ጉድጓዱንም ያኔ እንሙላ። ተስፋ የሌለው፣ መግል የቋጠረና የሚያሳብጥ ጥርስ ከሆነ ግን አንድ ሚሊ ሜትር አጥንት ለማትረፍ ብሎ ማቆየት የለም። ኢንፌክሽኑ ይታከም፣ ጥርሱም ይነቀል። አጥንት በኋላም ሊጨመር ይችላል። የመንጋጋ ኢንፌክሽን ወደ አንገት ሲወርድ ግን ቀልድ አይደለም፣ ሕይወት ሊያጠፋ ይችላል።

ለማን ያስፈልጋል፣ ለማን አያስፈልግም?

ጉድጓድ መሙላት ቢታሰብበት ጥሩ የሚሆነው፦
• ወደፊት ኢምፕላንት ለመትከል ቁርጥ ሐሳብም አቅምም ላለው፣ ግን ወዲያው ለማይተክል ሰው፤
• የፊት ጥርስ ለሆነና ግድግዳው ስስ ወይም በከፊል ለተበላ ጉድጓድ፤
• የላይኛው መንጋጋ ጥርስ ሆኖ ከላዩ ያለው የሳይነስ ክፍተት ለቀረበ ሰው፤
• ድዱ ለታከመ ወይም ሕክምናውን ለጀመረና ለሚቀጥል ሰው።

ላያስፈልግ የሚችለው ደግሞ፦
• ኢምፕላንት ለማይፈልግ ወይም ለማይችል ሰው። በሚወልቅ ጥርስ ወይም በብሪጅ በደንብ መብላት ይቻላል፤ አያሳፍርም።
• ጉድጓዱ ሙሉ ግድግዳ ላለውና ከ1 ወይም ከ2 ወር በኋላ እንዲተከል በሐኪሙ ለታቀደ ሰው፤
• የአቅል ጥርስ ለሚነቀልለት፤ እዚያ ቦታ ላይ ኢምፕላንት አይተከልም።
• ብሩሽ ለመያዝ ፈቃደኛ ላልሆነና ሲጋራውን ለማይተው ሰው። ለእንዲህ ዓይነቱ ታካሚ «ገንዘብህን አታባክን» ብሎ መንገር እንደ ሕክምና ይቆጠራል።

በየሶሻል ሚዲያው «በአንድ ቀን ጥርስ» የሚል ማስታወቂያ ሲያልፍ አያለሁ። በአንድ ቀን የሚተከልለት ሰው አለ፣ አልክድም። ድዱ እየደማ ያለ ሰው ግን ከነሱ አንዱ አይደለም።

የብሩ ነገር

በኛ አካባቢ ለኢምፕላንት የሚከፈለው ብር ብዙ ጊዜ ከታካሚው ኪስ ብቻ አይደለም የሚወጣው። ዓረብ አገር በሰው ቤት የምትሠራ ልጅ የላከችው ነው፤ ወይ የፋብሪካ ደመወዝ ተጠራቅሞ ነው፤ ወይ ወርቅ ተሸጦ ነው። ያን ብር ያለ እቅድ ማስወጣት ያሳዝናል።

ስለዚህ ከመጀመራችሁ በፊት ሁሉንም በዝርዝር በወረቀት ጠይቁ፦ የድድ ሕክምናው፣ መንቀያው፣ ሙሌቱ፣ ራጁ (ባለ ሦስት አቅጣጫው ሲቢሲቲ ካስፈለገ እሱም)፣ ኢምፕላንቱ፣ ላዩ ላይ የሚገባው ጥርስ፣ ከዚያ በኋላ ያለው ክትትል። የአንዱን ዋጋ ብቻ ሰምታችሁ አትጀምሩ። መሀል ላይ ብር አልቆ ብረቱ ተተክሎ ላዩ ሳይገባ የሚቀር ሰው አለ።

አዲስ አበባ ወይም ውጭ አገር ሄዳችሁ ለምትተክሉም አንድ ነገር ልበል። የተተከለላችሁን ኢምፕላንት ስም፣ ውፍረትና ርዝመት የሚገልጽ ካርድ ሳትቀበሉ እንዳትመለሱ። ከደሴ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ አንዲት ብሎን ስትላላ ያን ያህል መንገድ ከመሄድ እዚሁ ያለ ሐኪም ዓይነቱን አውቆ ቢረዳችሁ ይሻላል። ከተተከለ በኋላም በየ3 ወይም በየ6 ወሩ መታየት አለ። «ተተከለ፣ አለቀ» የሚባል ነገር የለም።

ፍርፋሪው ከምን እንደተሠራ ጠይቁ

ወሎ ላይ ሆኖ ይህን አለማንሳት አይቻልም። የሚሞላው ነገር ብዙ ዓይነት ነው፦ ከከብት አጥንት ተጣርቶ የሚዘጋጅ፣ ከሰው ለጋሽ የሚገኝ፣ በፋብሪካ ከካልሲየም ፎስፌት የሚሠራ፣ ከራሳችሁ አጥንት የሚወሰድ፤ ከራሳችሁ ደም ተዘጋጅቶ የሚገባም አለ። ላዩ ላይ የሚደረገው የኮላጅን ሽፋን ደግሞ ብዙ ጊዜ ከአሳማ ነው የሚሠራው።

ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ወንድማችን ይህ ጉዳይ እንደሚያሳስበው አውቃለሁ። የሃይማኖት ብይን መስጠት የኔ ሥራ አይደለም፤ ከሼኻችሁ ወይም ከንስሐ አባታችሁ ጋር ተነጋገሩ። የኔ ሥራ ምን እንደሚገባላችሁ አስቀድሜ መንገር ነው። ብዙ ጊዜ ሌላ አማራጭ ይገኛል። ገብቶ ከተሰፋ በኋላ መስማት ግን ልብ ይሰብራል። ስለዚህ ጠይቁ፤ ሐኪሙም ሳይከፋው ይመልስላችሁ።

ስኳር፣ ሲጋራ፣ ጫት

ስኳር ያለባችሁ፦ ያልተያዘ ስኳር የድድ በሽታን ያባብሳል፤ የድድ በሽታም በተራው ስኳሩን ለመቆጣጠር ያስቸግራል። የ3 ወሩን የስኳር ምርመራ ውጤት ይዛችሁ ኑ።

ሲጋራ የምታጨሱ፦ ሲጋራ የድዱን መድማት ስለሚደብቅ «እኔ እኮ አይደማኝም» ብላችሁ አትኩሩ። ቁስሉም ቀስ ብሎ ነው የሚድነው።

ጫት የምትቅሙ፦ ስብከት አልሰብክም። ግን አፍ ይደርቃል፣ አብሮት ስኳርና ሲጋራ ይገባል፣ ምሽት ላይ ብሩሽ ይረሳል። ቢያንስ የተነቀለ ወይም የተሞላ ቁስል ባለበት ጉንጭ ሙሉ ጫት መያዝ ቁስሉን መረበሽ ነው፤ እስኪድን ተዉት።

ለአጥንት መሳሳት ወይም ለካንሰር ተብሎ አጥንት የሚያጠነክር መድኃኒት፣ ወይም ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የምትወስዱ ከሆነ ከመነቀሉ በፊት ተናገሩ። ይህ አይደበቅም፣ አይረሳም።

ለሙያ ባልደረቦቼ

ችግራችንን አውቃለሁ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በአፍሪካ ለ10 ሺህ ሰው አንድ የጥርስ ሐኪም እንኳ አይደርስም። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ ጤና ተቋሞች ተዘርፈው እንደነበርም ሁላችን አይተናል። ውጭ ሠላሳ ሰው ተሰልፎ፣ በሕመም የሚያለቅስ ሰው ወንበር ላይ ተቀምጦ ስለ ጉድጓድ መሙላት ማውራት ቅንጦት ይመስላል።

ግን መሙላትና መንገር አንድ አይደሉም። መሙላት ዕቃ ይፈልጋል፣ ብር ይፈልጋል። መንገር ሦስት ደቂቃ ነው። «ይህ ጥርስ የሚነቀለው በድድ በሽታ ነው። ሌሎቹም ሊከተሉ ይችላሉ። ከተነቀለ በኋላ አጥንቱ ይቀንሳል። ኢምፕላንት የምታስቡ ከሆነ አሁን እንነጋገር።» በቃ፣ ይኸው ነው። ካርዱ ላይም አንድ መስመር እንጻፍ።

ሁሉም ክሊኒክ ይሥራው አላልኩም። ኮምቦልቻ ላይ ካልተሠራ ሐረጎን ወጥቶ ደሴ መጠየቅ ይቻላል፤ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሰው ግን ያልተነገረውን ፍለጋ አይሄድም። አብዛኛው ታካሚ ከሰማ በኋላ «አይ፣ አልችልም፣ ይነቀልልኝ» ሊል ይችላል። ይበል፤ መብቱ ነው። አውቆ መተውና ሳያውቅ ማጣት ግን በጣም ይለያያሉ። የእኚያ እናት ቅሬታ አጥንቱ መጥፋቱ ላይ ብቻ አልነበረም። ማንም ሳይነግራቸው መጥፋቱ ላይ ነው።

ስክሪንሾት አድርጉ፦ ከመነቀሉ በፊት የሚጠየቁ 7 ጥያቄዎች

1. ይህ ጥርስ የግድ መነቀል አለበት ወይስ ድዱ ታክሞ ሊተርፍ ይችላል?
2. ዛሬውኑ ነው የሚነቀለው ወይስ መጀመሪያ ድዱን ማከም ይቻላል?
3. ወደፊት ኢምፕላንት ባስብ ጉድጓዱ መሞላት ያስፈልገዋል? ባይሞላስ ምን ይሆናል?
4. የሚሞላው ፍርፋሪና ሽፋኑ ከምን የተሠራ ነው?
5. ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ጠቅላላ ወጪው ስንት ነው?
6. ኢምፕላንት ካልተከልኩ ሌላ ምን ምርጫ አለኝ?
7. ከተተከለ በኋላ ማን፣ የት፣ በየስንት ጊዜው ያየኛል?

ከተነቀለ በኋላ

• ጎዙን ከ30 ደቂቃ እስከ 1 ሰዓት ነክሶ መያዝ።
• ለ24 ሰዓት አለመጉመጥመጥ፣ ደጋግሞ አለመትፋት። የረጋው ደም የመጀመሪያው መድኃኒት ነው።
• የዚያን ቀን ትኩስ ነገር ይቅር። አቦሉም ቶናውም በረካውም ነገ ይደርሳል።
• ከማግስቱ ጀምሮ ለብ ባለ የጨው ውኃ ቀስ ብሎ መጉመጥመጥ። ጉድጓዱ ከተሞላ ግን ሐኪሙ በነገራችሁ መንገድ ብቻ።
• ሌሎቹን ጥርሶች መቦረሽ አይቋረጥም።
• ከተሞላው ጥቂት ፍርፋሪ ቢወጣ አትደንግጡ። ደሙ አልቆም ካለ፣ እብጠቱ ከጨመረ፣ ትኩሳት ካለ፣ ወይም ሕመሙ ከ2 እና 3 ቀን በኋላ ከባሰ ግን ተመለሱ።
• አንቲባዮቲክ ከፋርማሲ በራሳችሁ አትግዙ።

ጥርሳችሁ ድሮ የተነቀለ አንባቢዎች ደግሞ፣ አብሽሩ። አጥንት ቢቀንስም መንገድ አለ፦ አጥንት መጨመር፣ ብሪጅ፣ የሚወልቅ ጥርስ። ለእናንተ የማስቀድመው ምክር የሄደውን ትታችሁ የቀሩትን አድኑ ነው። ድዳችሁ እየደማ ከሆነ ዛሬ ቀጠሮ ያዙ።

እኚያ እናት ምን ሆኑ ለምትሉ፦ ልጃቸው በስልክ ሁሉንም ሰምታ «እሺ፣ መጀመሪያ ድዷ ይታከም» አለች። አሁን ሕክምናው ላይ ናቸው። ኢምፕላንቱን ገና አልወሰንንም። ሌላው መንጋጋ ጥርሳቸው ግን፣ እሱም «ይነቀል» የተባለው፣ እስካሁን አለ።

ይህ አጠቃላይ ምክር ነው፤ አፋችሁን አይቶ የሚመረምራችሁን ሐኪም አይተካም። የሚነቃነቅ ጥርስ ላለው ወዳጅ ዘመድ ሼር አድርጉ። በተለይ ውጭ ሆናችሁ ለእናትና አባት የሕክምና ብር የምትልኩ ልጆች፣ ከብሩ ጋር 7ቱን ጥያቄዎችም ላኩ። ጥያቄ ካላችሁ ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ።

ጤና ይብዛላችሁ!